ማንንም የማያዝዘው የመጋዘን ኃላፊ

ውድ ጋሼ፣

ደውዬ ብነግርዎት ይቀለኝ ነበር። ግን ድምፅዎን ስሰማ እንደ ልማዴ በቀልድ አልፈዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ከችሎቱ ቀን ወዲህ እርስዎን የማይበት ዐይን የለኝም።

የዛሬ አራት ዓመት ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና «ያ የመድኃኒት መጋዘኑ ሰውዬ በትርፍ ሰዓት ሊጨርሰን እኮ ነው» አለኝ። እሑድ እሑድ መኪና ሲመጣ የሚያራግፉት እርስዎ ነበሩ። የወር ደመወዝተኛ ቢሆኑም፣ ከመደበኛው ሰዓት በላይ ለሠሩት እንዲከፈልዎት ደንቡ ያዛል። የማይከፈለው ሌሎችን ለሚያዝዝ የሥራ ኃላፊ ብቻ ነው። «እንግዲያው ኃላፊ እናድርገዋ!» አለና ሳቀ። የሹመቱን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የመጋዘን ኃላፊ» የሚለውን በደማቅ ያደረግኩትም እኔው ነኝ፤ ለዚህኛው እንኳ ያዘዘኝ የለም፣ ደስ እንዲልዎት ብዬ ነው።

ደስም አለዎት። ለቢሮው ሁሉ ከረሜላ አዞሩ፤ ደብዳቤውን በመስታወት አስገብተው ሳሎን ሰቀሉት። ኃላፊ አይፈርምም ብለን የሰዓት ፊርማውን ስናስቀርብዎት እንኳ እንደ ክብር ቆጠሩት። አንድ ቀን እኔ ጋ መጥተው «ልጄ፣ ከእኔ ሥር እነማን ናቸው?» አሉኝ።

«ይቀጠራሉ፣ ጋሼ።»

«በይ እስኪቀጠሩ ካርቶኖቹን አዛለሁ!»

አብረን ሳቅን። ማንም አልተቀጠረም። አራት ዓመት ሙሉ የሚታዘዝልዎት ካርቶን ብቻ ነበር፤ እሱም እርስዎ ካልተሸከሙት ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ ወገብዎ ተያዘና እቤት ዋሉ። የሕክምናው ነገር ሲከብድ ጎረቤትዎ ጠበቃው ገፋፍቶዎት የእሑዶቹን ክፍያ ጠይቀው ከሰሱ።

ዳኛዋ እኮ አንድ ሐሙስ ነበር የቀራቸው፣ ሊፈርዱልዎት። «የሚታየው የማዕረጉ ስም አይደለም፣ ሥራው ነው። የሚያዝዙት ሰው ነበረዎት?» ብለው ጠየቁዎት። «የለም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብዎት። እርስዎ ግን ዞር ብለው ከኋላ የተቀመጡትን ባለቤትዎን፣ እትዬን አዩ። ከዚያ ደረትዎን ነፍተው «እንዴታ! ኃላፊ አልነበርኩም እንዴ? ስድስት ሰው አዝዝ ነበር» አሉ። ጠበቃው ራሱን ያዘ። ዳኛዋ ወደ እኔ ዞረው «እውነት ነው?» አሉ። ድርጅቱን ወክዬ ፋይል ታቅፌ ቆሜያለሁ። ፋይሉን ገለጥኩ። «ፋይሉ ኃላፊ ይላል» አልኩ። ቃሉ ውሸት አልነበረም፤ እኔ ግን ዋሽቻለሁ። ክሱ ተዘጋ፣ እርስዎም ፋይሌን ይዤ በሩ ላይ ስጋፋ «አይዞሽ ልጄ» ብለውኝ ወጡ። ያቺ «አይዞሽ» እስካሁን አንጀቴን ትበላኛለች።

ባለፈው ሰኞ እትዬ ቢሮዬ መጡ። እርስዎ «ይግባኝ አልልም» ብለው እንደዘጉባቸው ነገሩኝ። «ስድስት ሰው አዝዝ ነበር ብለዋል እኮ፣ ምን ይደረግ?» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ! የስድስት ሰው አለቃ አቧራ እስከ ሽፋሽፍቱ ለብሶ ይገባል? ሸሚዙን የማጥበው እኔ አይደለሁ? ሲሾም ስድስት ሰው አዛለሁ ቢለኝም፣ በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቅኩት። እኔ ፊት እንዳያፍር ብዬ ዝም አልኩ። እንዳትነግሪው፣ በሞቴ!»

አልነግርም ብዬ ማልኩላቸው። ይኸው ነገርኩዎት።

የይግባኙ ጊዜ የሚያበቃው ዓርብ ነው። ከእርስዎ ሥር አንድም ሰው እንዳልነበረ፣ ሹመቱም ለምን እንደተሰጠዎት ጽፌ፣ ፈርሜ አያይዣለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሲያየው እንደሚያባርረኝ አውቃለሁ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽዎትም፤ ግን ዓርብ ጠዋት ይግባኙን እንዲያስገቡ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት በር ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ጥያቄው እንደገና ሲመጣ፣ እንደዚያን ቀኑ ዞር ብለው እትዬን ይዩ፤ ከዚያ «ብቻዬን ነበርኩ» ይበሉ።

ሹመትዎን የጻፈችው፣
የሠራተኛ አስተዳደሯ ልጅዎ