በኢስራ ቁመት የተሠራ ካቢኔት

ውድ አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህን ወረቀት የምትሰጥዎት ኢስራ ናት። ሻንጣዋንም ይዛለች፤ ኮምቦልቻ የወረደችው ለእንግድነት አይደለም። በስልክ ያልነገርኩዎት «እስቲ ቆዪ» ሲሉኝ ስለምሸነፍ ነው።

ደሴ ሥራ አግኝቼ ቤት የተከራየሁ ጊዜ፣ «የወጥ ቤት ካቢኔት እኔ እሠራልሻለሁ» ብለው እንጨት ሥራ ቤትዎ የጠሩንን ቀን ያስታውሳሉ? ለማንም ሲሠሩ ልማድዎ ያው ነው፤ የቤቱን እመቤት ግድግዳው ጋ ያቆሙና «እጅሽን ዘርጊ» ብለው መዳፏ የደረሰበት ላይ በእርሳስ ያሰምራሉ። የዚያን ቀን ያቆሙት ታናሽ እህቴን ኢስራን ነበር። እኔ አጠገብዎ ዊልቸሬ ላይ ነበርኩ፤ ሜትሩን እንኳ የያዝኩልዎት እኔ ነኝ። አምስት ዓመት ስለ ሕንፃ ተምሬ፣ በተመረቅሁ ማግሥት፣ የገዛ ቤቴ በእህቴ ቁመት ሲለካ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም።

ከዚያ «ኢስራ ዘንድሮ ከትምህርት ትቅርና ታግዝሽ» አሉ። ምን ይደረግ፣ ካቢኔቱ ያለ እሷ አይከፈትማ።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ሊጠይቁኝ መጡ። ኢስራ ፒያሳ ሄዳ ነበር። ሻዩን ዝቅ ባለው ጠረጴዛ ላይ አፈላሁ፤ ብርጭቆዎቹ ግን ከራሴ በላይ ናቸው። አንዷ፣ ሀኒ፣ ተነስታ አወረደች፣ ቀዳች፣ ለእኔም ሰጠችኝ። በገዛ ቤቴ እንግዳዬ አስተናገደችኝ። እየሳቅን ጠጣን።

ሰኞ በሽርን ጠራሁት፤ እርስዎ ሙያውን ያስተማሩትን። ካቢኔቱን ሲያይ መጋዙን መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

«የጋሽ መሕሙድን የእጅ ሥራ? ወላሂ አልነካም። ቢሰሙ ካቢኔቱን ትተው እኔን ነው የሚያሳጥሩኝ።»

«እንግዲያው መጋዙን ስጠኝ» አልኩት።

የምቀልድ መስሎት ሰጠኝ። የታችኛውን የዋንዛ ካቢኔት በጎኑ አስተኝቶ ያዘልኝ፤ የመጀመሪያውን እግር በአንድ ስንዝር ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ጠማማ ስለሆነ ሲያዩት ያውቁታል። የቀሩትን እሱ ቆረጠ። ጉልበቴ እንዲገባ የመሃል በሮቹን ነቀልን። ግድግዳው ላይ ያለውንም አውርዶ፣ ተቀምጬ እጄን ስዘረጋ በደረስኩበት ልክ ሰቀለው። መስመሩን በእርሳስ ያሰመርኩት ራሴ ነኝ።

ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ብጽፈው ውሸት ነው፤ አልተጸጸትኩም።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ምዝገባ ሐሙስ ያበቃል። ኢስራን ያስመዝግቧት። «ማን ያቀብልሻል?» እያለች ሻንጣዋን ስታሰናዳ አለቀሰች። ከፊቷ ብርጭቆ አውጥቼ፣ ውኃ ቀድቼ ሰጠኋት። ጠጣችና ሻንጣዋን ዘጋች። መልሰው ቢልኳት በሩን አልከፍትላትም፤ እሷም ታውቃለች።

አንድ ቀን ከጁምዓ በኋላ ደሴ ይውጡ። ሻይ የምቀዳልዎት እኔ ነኝ፤ ላግዝሽ ብለው ከተነሱ እቀየማለሁ። የእርሳሱን መስመር አላጠፋሁትም። ሜትርዎን ይዘው ይምጡና ይለኩት። ቁመቴ እሱ ነው።

የቤቱ እመቤት፣
ልጅዎ ሱሀይላ