የጋሽ አንጎል የሕይወት ታሪክ፣ ከጄሶዋ ጣውንት ጋር

በተማሪዎቻቸው ዘንድ «ጋሽ አንጎል» እየተባሉ የሚጠሩት መምህር ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። የአባታቸውን እጅና የእናታቸውን ትዕግሥት ጠቅልለው የወሰዱት እሳቸው ስለነበሩ፣ እኛ ታናናሾቻቸው ስንቀናባቸው ኖረናል።

ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1966 ዓ.ም. በነርሶች ማሠልጠኛ የሰውነት ክፍሎች መምህር ሆኑ። ማሠልጠኛው የአንጎል ሞዴል ስላልነበረው፣ ክፍሎቹ እየተነቀሉ የሚገጠሙ አንድ ሞዴል ከጄሶ ሠርተው በየቀለሙ ቀቡት። ፊተኛው ክፍል እንደሚያቅድ፣ አናቱ ላይ ያለው መዳሰስን እንደሚለይ፣ ጎንና ጎኑ እንደሚሰማ፣ ኋለኛው እንደሚያይ፣ ከሥር ያለው ትንሹ አንጎል ሚዛን እንደሚጠብቅ፣ ግንዱም እስትንፋስንና የልብ ምትን እንደሚመራ በሱ አስተማሩ።

በ1969 ዓ.ም. ከፋርማሲስቷ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ራት ከመቅረቡ በፊት ሞዴሉን በመመገቢያው ጠረጴዛ ላይ፣ ልክ በባለቤታቸው ወንበር ፊት ፈታተው የነገውን ትምህርት መለማመድ ልማዳቸው ነበር። ባለቤታቸውም ሞዴሉን «ጣውንቴ» ብለው ሰየሙት። «እሷን በለስላሳ ጨርቅ ትወለውላለህ፤ እኔን እንዴት ዋልሽ ለማለት እንኳ ቀና አትልም» ይሏቸው ነበር።

አንድ ጊዜማ ትንሹን አንጎል ዱቄት ዕቃ ውስጥ ሸሸጉባቸው። ጋሽ አንጎል በማግሥቱ ክፍል ገብተው የሞዴሉን ሣጥን ሲከፍቱ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ወደ ሰሌዳው እየተንገዳገዱ ሄደው፣ «ትንሹን አንጎሉን ሚስቱ የወሰደችበት ሰው እንዲህ ነው የሚራመደው» አሉ። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ወሬው ቤት ሲደርስ ግን ባለቤታቸው አልሳቁም።

«እሺ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አሏቸው።

እሳቸውም እንደ መምህርነታቸው እውነቱን መለሱ፦ «አንድ ቦታ ብቻ አትገኚም። ፊትሽን አንዱ ይዞታል፣ ድምፅሽን ሌላው፤ ሁሉም ጋ ትንሽ ትንሽ አለሽ።»

ባለቤታቸው የሰሙት «ትንሽ ትንሽ» የሚለውን ብቻ ነበር። ቅሬታውም አብሯቸው አረጀ።

በ2014 ዓ.ም. በግራ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ቀኝ ጎናቸው ሰነፈ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ባለቤታቸው ሞዴሉን ራሳቸው ተሸክመው አልጋው አጠገብ አቀረቡና፣ «ያው ጣውንቴ አለች፤ አሁንስ የቱ ጋ ነኝ?» ሲሉ ጠየቁ። ጋሽ አንጎል በግራ እጃቸው ፊተኛውን ክፍል ነቅለው በባለቤታቸው ጭን ላይ አኖሩ። ልጆቻቸው እዚያ ላይ የሚያበቁ መስሏቸው ነበር። እሳቸው ግን አናቱን፣ ጎንና ጎኑን፣ ኋለኛውን፣ ትንሹን አንጎልና ግንዱን አስከትለው፣ መቆሚያው ባዶውን እስኪቀር ድረስ አላቆሙም።

በባለቤታቸው እጅ ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኛን ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል።

ማሠልጠኛው ሞዴሉ ለመታሰቢያ እንዲሰጠው ጠይቋል። ባለቤታቸው መልሳቸው እዚሁ እንዲነበብ አዘዋል፦ «ሁሉንም በእጁ ለእኔ ሰጥቶኛል። ማየት የሚፈልግ ተማሪ ቤቴ ይምጣ፤ መንካት ግን አይቻልም።»

ፈጣሪ የጋሽ አንጎልን ነፍስ በሰላም ማረፊያው ይቀበልልን፤ የባለቤታቸውንም ልብ ያሳርፍልን።