የጠራው ሽንት

ኅዳር 2፣ 1997፤ ጠዋት
የዛሬውም የዓለምነሽ ሽንት ሲፈላ እንደ እንቁላል ነጭ ረጋ። ኩላሊቷ የሚያፈሰው ፕሮቲን በሽበሽ። ፊቷ አብጧል፤ እግሯን በጣቴ ስጫነው እንደጎደጎደ ይቀራል። ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ፤ ከደሃና በአህያ ጭነው ነው ያመጧት። የኩላሊት በሽታ ላጠና ከዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሰቆጣ የመጣሁት እንዲህ ያለውን ፍለጋ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን መድኃኒት ጀመርኩላት፤ ከሠራ ሽንቷ ይጠራል። አድናታለሁ። ማስታወሻዬ፣ ጉራ ነው አትበለኝ፤ እርግጠኛ ነኝ።

ኅዳር 20
ለጥናቱ መንደር ለመንደር ሽንት ስለቅም ሰነበትኩ። «ሽንት ለቃሚዋ» ይሉኛል አሉ። ይበሉ። ዓለምነሽ ግን እንዳበጠች ናት። እናቷ እማማ ታበዙ በየጠዋቱ የሽንቷን ብልቃጥ ያቀብሉኝና ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ዛሬም ረጋ። ፊቴ ጠቁሮ ነው መሰለኝ ይቅርታ ጠየቁኝ። ምን አጥፍተው?

ኅዳር 24
ጠራ! ሦስቴ አፈላሁት፤ ውሃ ነው። እማማን አገላብጬ ሳምኳቸው። ጥናቱን ለሚመሩት ፕ/ር ደወልኩ፤ መድኃኒቱን ቀንሰሽ ወደ ቤቷ ሸኚያት አሉ። ሰኞ ትወጣለች። ነግሬህ አልነበር?

ኅዳር 26፤ ከሰዓት
የዓለምነሽ እብጠት ብሶባታል። ክብደቷም ጨምሯል። ሽንቱ እንዲህ ጠርቶ? ራሴ ብልቃጥ ይዤ ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። አፈላሁት። ረጋ።

እማማ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። የጠራው የታናሽ እህቷ ነበር፤ ስንቅ ልታቀብል የመጣችው ልጅ። አማርኛው እየተያዘባቸው፣ በአገራቸው ቋንቋ በኸምጣኛ እየደገፉ ነገሩኝ። «በየጠዋቱ ስትከፊ አየሁ ልጄ። ይህን ሁሉ ለፍተሽ ባዶ እጅሽን ልስደድሽ?»

ተናደድኩ። ወዲያው አፈርኩ። ዓለምነሽን ሊገድላት የነበረው የእኔ ፊት ነው። መድኃኒቱን ወደ ነበረበት መለስኩት።

ኅዳር 27
ለፕ/ር ደግሜ ደወልኩ። ከኩላሊቷ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ካልታየ ሌላ መድኃኒት አይጀመርም፤ ያ ደግሞ እዚህ የለም። በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አልጋ አስያዝኩ። ቶሎ ከደረሰች ትድናለች አሉ። እኔም አሁንም አምናለሁ። ዛሬም ረጋ፤ እማማን ግን አይዞዎት አልኳቸው፣ ፊቴን ሳላጠቁር።

ሽንቱን ወደዚያው የሚወስደው የጥናቱ መኪና ነገ ይመጣል። ሾፌሩ በስልክ፣ የጥናቱ ሣጥኖች ከተጫኑ ለሚተኛ ሰው ቦታ የለም ይላል። የአበርገሌ፣ የጽጽቃ፣ የደሃና ሽንት፤ የሳምንታት ልፋቴ። ከሰነበተ ይበላሻል።

ይበላሽ። ሽንት መቼም ከዋግ አይጠፋም፤ እንደገና እለቅማለሁ። ሣጥኖቹ ይቀራሉ፣ ነገ ዓለምነሽ ትሄዳለች።