የውሻችን ስም

ይድረስ ለልጄ ለታራስ። በሄድክበት አገር ጤናህ እንዴት ነው? እኛ እዚህ ሳስካችዋን በረዶው እስከ መስኮት ቢደርስብንም ደህና ነን።

በበረዶ ላይ ሆኪ ወደ ዋናው ቡድን ማደግህን የሰማ ዕለት አባትህ ጓሮውን ውሃ አጠጥቶ ብርዱ ሲያረጋው እንደ ልጅነትህ ጊዜ የበረዶ መጫወቻ ሜዳ አደረገው። «ማን ሊጫወትበት ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ዝም በይ አንቺ፣ ልጁ ሲመጣ!» አለኝ።

የቅዳሜውን ጨዋታ ከጎረቤቶች ጋር በቴሌቪዥን አየን። ጭንቅላትህ ከሜዳው አጥር ጋር ተላትሞ ከወደቅክ በኋላ ተነስተህ ከተጋጣሚዎቻችሁ ተቀያሪዎች መሃል ስትቀመጥ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለመሆኑ፣ ያ ጓንትህን እየነጠቀ ያስለቅስህ የነበረው ውሻችን ስሙ ማን ነበር? ራስህ ጻፍልኝ፤ ማንንም እንዳትጠይቅ። አባትህ «ልጄ አይረሳውም» ብሎ ከእኔ ጋር ተወራርዷል።

በል ደህና ሁንልኝ። እኔም እንድሸነፍ እየጸለይኩ ነው።

እናትህ ናታልካ