«በቃሽ» ያልከኝ ዕለት

አባዬ፣

ካጣሁህ ስምንት ወር ሆነኝ። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተ ውሸቴን ታውቀዋለህ። ደህና አይደለሁም።

የስደት ሰፈራችን ታርኔት ያው ነው፤ ነፋሱ አልበረደለትም። ክፍልህን አንድ ልጅ ተከራይቶታል። ጨዋ ነው፤ ግን ሲያስል በሰማሁ ቁጥር አንተ እየመሰልከኝ ብድግ እላለሁ። ጓሮ፣ በአሮጌው ገንዳ ያበቀልከው ደንገል ግማሹ ደርቋል። ውኃ ማጠጣት ረስቼ ነው፤ ምን ብዬ እዋሻለሁ?

ጎረቤታችን ደጅ ለጌጥ ተተክሎ ስታየው እንዴት እንደሳቅህ ትዝ ይልሃል? ጣና ዳር ከአባትህ ጋር ታንኳ ያሰርክበትን ደንገል ሰው እንደ አበባ ይንከባከበዋል! ከዚያ በኋላ ዕረፍት ነሳኸኝ። ሙያው አብሮኝ ሊቀበር ነው፣ ተማሪልኝ፣ አልክ። እኔ ደግሞ የትሩጋኒና መጋዘን ሥራ፣ ሺፍት፣ ኦቨርታይም፣ የሚቀጥለው እሁድ፣ የሚቀጥለው እሁድ። ስንት እሁድ አስጠበቅሁህ!

በመጨረሻ ደንገሉን በመኪና ጭነን፣ ፖይንት ኩክን አልፈን፣ ሰው የማይደርስበት ረግረጋማ የባሕር ዳርቻ መሄድ ጀመርን። አንተ ታጣፊ ወንበርህ ላይ ጋቢህን ተከናንበህ፣ እኔ ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ። በደንብ ሳይጠወልግ አይታሰርም፣ ገመዱን በጉልበትሽ ሳይሆን በክብደትሽ ሳቢው ትለኝ ነበር።

የመጨረሻው እሁድ፣ የታንኳዋን ሽቅብ የሚቀለበሰውን ጫፍ ሳስር ጣቴ ደማ። ሁለቴ ተፈታብኝ። ሦስተኛውን አጥብቄ ስስብ «በቃሽ» አልከኝ። ይብቃሽ፣ አይሆንልሽም፣ ተዪው ያልከኝ መሰለኝ። ገመዱን ወርውሬ ተነሳሁ። ቤት እስክንደርስ አኮረፍኩህ። ማክሰኞ ሥራ ላይ ሳለሁ ልብህ ቆመ።

እውነቱን የነገረኝ አጎቴ ነው፣ ከባሕር ዳር ሊያጽናናኝ ሲደውል። ለካ የዚያኑ ዕለት ደውለህ «ልጄ በቃች፤ ከእንግዲህ ያለ እኔ ታስራለች» ብለኸው ኖሯል። ወይ አባዬ! ኩርፊያዬን እያየህ ምነው አላረምከኝ? ደክሟት ነው ብለህ ይሆናል። አጎቴ እንደሚለው እዚያም ታንኳ የሚያስር ጠፍቷል፤ ሁሉም ባለ ሞተር ሆኗል።

ባለፈው እሁድ ሺፍቴን ካንስል አድርጌ ያን ዕለት የተውኳትን ታንኳ እዚያው ዳርቻ ብቻዬን ጨረስኳት። ወደ ውኃው ገፋኋት። ጥቂት ሄደች፤ ከዚያ ጫፏ ተፈታ፣ ያለ አንተ የቋጠርኩት ጋ። ደንገሉ አንድ በአንድ ተበተነ። እስከ ደረቴ ውኃ ውስጥ ቆሜ እየጮህኩ አለቀስኩ። የሚሰማኝ ሰው አልነበረም።

ፍርድህ ተሳስቷል፣ አባዬ። ገና አልበቃሁም። ዛሬ ጠዋት ግን በገንዳው ያልደረቀውን አጠጥቼዋለሁ። ሲደርስ በማጭድህ አጭደዋለሁ፤ ገመድ በሳብኩ ቁጥርም አነሳሃለሁ። ያን ዕለት በኩርፊያ የዋጥኩትን መልስ ደግሞ እነሆ፦

አልበቃኝም፣ አባዬ።

ልጅህ