መስማት ለሚያስቸግራት ልጄ መወጣጫ ላሠሩላት ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር፣

ጤናና ሰላም እንዲበዛልዎ፣ ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ድምፅዎም እንዳይዘጋ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሦስተኛ «ለ» ክፍል የተባለውን ደጋግማ ስለምትጠይቅ ጓደኞቿ «ምን አላችሁ» የሚል ስም ያወጡላት ልጅ እናት ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በተናገርኩ ቁጥር ስልክዎን እየነካኩ ራስዎን ብቻ ይነቀንቁልኝ ስለነበር፣ ምናልባት ሰው ሁሉ ሲያነበው እርስዎም ያነቡት ይሆናል ብዬ ነው። ስለ ድፍረቴ አስቀድሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስለ መወጣጫው። ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትሰማው በጥቂቱ ነው፤ የቀረውን የምትረዳው የተናጋሪውን ከንፈር እያየች ነው። ትምህርት ሲጀመር ሐኪሙ የጻፈላትን ይዤ መጥቼ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መምህርቷ ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ እሷ እንዲያዞሩላት። እርስዎም ነገሩ እጅግ አሳስቦዎት በደረጃው ጎን የተሽከርካሪ ወንበር መውጫ አሠሩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ያሉ ምቀኞች አልጠፉም፤ እኔ ግን ለልጄ ተብሎ ሲሚንቶ ሲቦካ አይቼ ስለማላውቅ መርቄ ተመለስኩ። በምረቃው ዕለት ከጤና ጣቢያ የተዋሱትን ወንበር አስመጥተው፣ በሩጫ ክፍሉን በሙሉ የምታስከነዳውን ልጄን አስቀመጡበትና ከእንግዶቹ ጋር ፎቶ አስነሷት። ፎቶ አንሺው እንዳትነሳ ሲነግራት ካሜራው አፉን ሸፍኖት ስለነበር አልገባትም፤ ከረሜላ ሲታደል ስታይ ተስፈንጥራ ሮጠች። እንግዶቹ ተአምር መስሏቸው ሲያጨበጭቡ እርስዎም አብረው አጨበጨቡ።

፪. ስለ ጩኸቱ። መምህርቷ ችግሩን ስነግራቸው እሺ ብለው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊታቸውን ለሰሌዳው ሰጥተው ይጮኻሉ። እግዜር ይስጣቸው፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ የማባዛት ሠንጠረዡን ሸምድዶታል። ያልደረሳት ልጄ ብቻ ናት። ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ዞር ስትል ክፍል ትረብሻለች ተብላ ከፊት ወንበር ወደ መጨረሻው ተዛውራለች፤ ከዚያ ሆና በደንብ የምታየው የጓደኞቿን ማጅራት ነው።

፫. ስለ ቃለ ጽሕፈቱ። መምህርቷ በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወሩ ያነባሉ፤ ልጆቹ ይጽፋሉ። ወደ ልጄ ሲመጡ ዓረፍተ ነገሩ ይጀመራል፤ አልፈዋት ሲሄዱ እዚያው ላይ ይቆማል። ወረቀቷን አይቼዋለሁ፤ የጻፈችው ግማሽ ግማሹን ቢሆንም አንድ ፊደል አልሳተችም። ከሥሩ በቀይ ቀለም «አታዳምጥም» ተብሎ ተጽፏል። ሐኪሙ በመሣሪያ ብዙ ለፍቶ የደረሰበትን መምህርቷ በእስክሪብቶ ብቻ ማግኘታቸው በእውነቱ የሚያስመሰግን ነው።

፬. ስለ ውሳኔዎ። ይህን ውጤት ይዘው ልጄ ክፍል ትደግማለች፣ አለዚያም «የሚመጥናት ቦታ» ይፈለግላት ብለውኛል። ትምህርት ቤቱ አቅም እንደሌለውም በትዕግሥት አስረድተውኛል። ክቡር ሆይ፣ ለሲሚንቶ ያላነሰ አቅም አንገት ለማዞር እንዴት እንዳነሰ ለእኔ ለመሃይሟ አልገባኝም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል ነበር። እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ እውነቱን ልናገር። ልጄ ትምህርት ቤቷን ትወዳለች፤ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድማ ጫማዋን አስራ በር ላይ የምትጠብቀኝ እሷ ናት። ከጓደኞቿ የሚያስቀራት ምንም ጥፋት አላጠፋችም።

ስለሆነም ጊዜዎን ሳልሻማ በትሕትና የምጠይቀው፣ ቃለ ጽሕፈቱን ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ የሚያነብላትን ሰው እያየች በድጋሚ እንድትፈተን ነው። ያን ጊዜ ከወደቀች እኔው ራሴ እጇን ይዤ አስወጣታለሁ።

ለሥራዎ መቃናት፣ ለመወጣጫዎ ዕድሜ፣ ለቀይ እስክሪብቶዎም ቀለም አለማለቅ ዘወትር የምትጸልይ፣ ከቢሮዎ በር ላይ ቆሞ መጠበቅን በሚገባ የተማረች፣

ታዛዥዎ፣ አንዲት እናት

ማስታወሻ፦ በምረቃው ዕለት ከቢሮዎ መስኮት ውስጥ ከምክትልዎ ጋር ቆመው ሲጫወቱ፣ ልጄ ግቢው ማዶ ከረሜላዋን እየላጠች ወደ እርስዎ ታይ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ለእሷ ግን ዓይኗ ዘመዷ ነው። «ፎቶውን አግኝተናል፤ ልጅቷን በዓመቱ መጨረሻ እንሸኛታለን» ያሉት ከመስታወቱ አልፎ ደርሷታል። ቃለ ጽሕፈቱን ገና አልተፈተነችም ነበር። ትናንት ውሳኔዎን በጭንቀት ስነግራት ምንም አልደነገጠችም፤ ያን ዕለት ከከንፈርዎ ያነበበችውን ነገረችኝ፤ ለካ ከዚያን ዕለት ጀምራ እያወቀች ነው በየጠዋቱ ጫማዋን ስታስር የከረመችው። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እማዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ። ነገ ጠዋት ቢሮዎ ይዣት እመጣለሁና እርስዎ ራስዎ ይንገሯት፤ መጮኽ አያስፈልግም፤ ፊት ለፊት እያዩዋት ብቻ ይንገሯት።