መስኮቱ የማትደርሰው ጥድ

ሐረር፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቤዚ አባት፣ ለደረጀ፤

እንደምን ሰነበትክ? የሐዋሳ አየር ተስማምቶህ ይሆናል። እኛ ደኅና ነን። ቤዚ ሁለተኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው፤ የፊት ጥርሷ ወልቋል። በስልክ ሲሆን እንባዬ ይቀድመኛልና ይህን ጽፌ በወንድሜ በወርቁ ልኬልሃለሁ።

የምጽፍልህ ስለ ጥዷ ነው። ግራ ገብቶኛል።

የአባቴን ቤት ሽጠን ሐዋሳ እንግባ ስትል እምቢ ብዬህ ተኳርፈን የሄድክ ዕለት፣ ችግኟን ደጅ ተከልክና «ይቺ ቁመቷ መስኮቱን ሲያክል እመለሳለሁ፤ እስከዚያ የሁለታችንም ንዴት ይበርዳል» አልከኝ። እጅህን አንሥተህ ልኩን እንኳ አሳየኸኝ። እኔም አመንኩ። ይኸው ሦስት ክረምት አለፈ፣ ጉልበቴ እንኳ አትደርስም። ወደ ጎን ግን ሄዳ ሄዳ የልብስ ማስጫውን ሥር ሞልታዋለች።

መጀመሪያ ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ጥድ ከሥር ሲመለመል ሽቅብ ይመዘዛል አይደል? እኔም የታች የታቹን ልመለምል መቀስ ይዤ ቁጭ አልኩ። ለካ ሁሉም የታች ነው! የነቃሁት ግማሿን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ከዚያ እንጨት ተክዬ በነጠላ ቅዳጅ አሰርኳት። በማግሥቱ ከነእንጨቷ ተጋድማ አገኘኋት። ጎረቤቴ ናፊያ አይታ ስትስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ቅርንጫፍ ይዤ ሸዋ በር ችግኝ ወደሚሸጡት ወደ ጋሽ ዑመር ሄድኩ።

«ልጄ፣ ይሄ የሚቆም ጥድ አይደለም» አሉኝ። «ወላሂ፣ መቶ ዓመት ብትጠብቂው መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው። ማነው የሰጠሽ?»

«ባለቤቴ።»

«እንግዲህ ካላወቀ ምን ያድርግ።»

«ችግኝ ጣቢያ ነው የሚሠራው» አልኳቸው።

ቅርንጫፉን መለሱልኝ። ከዚያ «አላህ ያውቃል» ብለው ውሃ ማጠጣታቸውን ቀጠሉ።

ደሬ፣ ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም? አንዳንድ ቀን እያወቅክ ያደረግከው ይመስለኝና እበግናለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ተናደህ እጅህ የገባውን ችግኝ ያነሣህ ይመስለኛል። ቤዚ «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለች ትጠይቀኛለች። የኔ ንዴት እንደሆነ ከበረደ ቆይቷል። ናፍቀኸኛል።

ትናንት ከናፊያ ጋር ድንጋይ ተሸክመን መስኮቱ ሥር ካብ ካብን። ጥዷንም ከነአፈሯ አንሥተን ላዩ ላይ ተከልናት። ወገባችን ሊቆረጥ ነበር። ዛሬ ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ቅጠሏ እጄን ነካኝ።

መድኃኔ ዓለም መንገድህን ያቅናልህ። ጥዷ መስኮቱ ደርሳለች። ክረምቱ ካቡን ሳይንደው አንተም ድረስ።

ተናኘወርቅ